አንገታችን ላይ የተሸከምነው ረጅም ስም
(ጎንደር ውስጥ ለአዲስ የጤና ተማሪዎችና ለቤተሰቦቻቸው በተዘጋጀ የምሽት ዝግጅት ላይ ከተደረገ ንግግር የተጻፈ)

እንደምን አመሻችሁ?

አልተሰማኝም። ጎንደር አይደለም እንዴ ያለሁት? እንደምን አመሻችሁ!

አሁን ሞቀ። እግዚአብሔር ይመስገን። በዚህ ብርድ፣ በዚህ ሰዓት፣ ስለ አንድ የአንገት ጡንቻ ስም ለመስማት መምጣታችሁ ራሱ ይገርመኛል። ሻዩ ነው የሳባቸው የሚሉ አሉ። እኔ አላምንም። ፊት ለፊት አባቶችና እናቶች ተቀምጣችኋል፤ እንኳን ደህና መጣችሁ። የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ከኋላ ተደብቃችሁ ትታዩኛላችሁ፤ እናንተም እንኳን ደህና መጣችሁ። መሪጌታም እዚህ እንዳሉ ነግረውኛል። መሪጌታ፣ እርስዎ ባሉበት ስለ ንባብ ማውራት ድፍረት ነው። ስሳሳት ይገሥጹኝ።

የመጣሁት አንድ ቃል ይዤ ነው። አንድ ብቻ። ስተርኖክላይዶማስቶይድ።

ሳቃችሁን ሰማሁ። እስቲ አብራችሁኝ በሉት። ስተርኖ... ክላይዶ... ማስቶይድ። ጎበዝ! ከተማሪዎቹ ይልቅ የእናቶች ድምፅ ጎልቶ ነው የመጣው። ተማሪዎች፣ ልብ በሉ።

ይህን ቃል ለምን መረጥሁ? በየዓመቱ አዲስ ተማሪ ሲገባ፣ የሰውነት ክፍሎችን በምናስተምርበት አናቶሚ ክፍል ውስጥ አንድ ዓይነት ፊት አያለሁ። ልጁ መጽሐፉን ይከፍታል። ገጹን ያያል። ይዘጋዋል። "ቲቸር፣ ይህ ሁሉ ይሸመደዳል?" ይለኛል። ከዚያ ሌሊቱን ሲቸክል ያድራል። ጠዋት ስጠይቀው ግማሹ በንኗል። መልሴ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ዛሬም የምለው እሱኑ ነው። ረጅም ስም አይሸመደድም፤ ይነበባል። አይሸመደድም! ይነበባል! አገሩ ጎንደር ሆኖ፣ ንባብን ከአያት ከቅድመ አያት የወረስን ሰዎች ሆነን፣ ይህ ነገር እኛን ሊያስፈራን አይገባም።

ሦስት ነገር አደርጋለሁ። ቃሉን እቆጥራለሁ። ቃሉን አሰማለሁ። ቃሉን እፈታለሁ። ሦስተኛው ላይ እቆያለሁ፤ እሱን ነው የምወደው። ሻይ ያፈላችሁ ልጆች ታገሡኝ።

ከሁሉ በፊት ግን ከባለስሙ ጋር እንተዋወቅ። ግራ መዳፋችሁን ግራ አገጫችሁ ላይ አድርጉ። አዎ፣ እናንተም እናቶች። አሁን ፊታችሁን ወደ ግራ ለማዞር ሞክሩ። መዳፋችሁ ግን አያሳልፍ፤ ይከልክል። በቀኝ እጃችሁ ጣቶች ቀኝ አንገታችሁን ዳስሱ። አገኛችሁት? ከደረት አጥንት አናት ተነስቶ በሰያፍ ወደ ጆሮ ጀርባ የሚወጣ፣ የተወጠረ፣ ጠንከር ያለ ነገር። እሱ ነው። እድሜ ልካችሁን ይዛችሁት ስትዞሩ ስሙን አታውቁትም ነበር።

አንድ ነገር አስተውሉ። ፊታችሁን ያዞራችሁት ወደ ግራ ነው። የተወጠረው ግን የቀኙ ነው። የቀኙ ጡንቻ ፊትን ወደ ግራ ያዞራል፤ የግራው ወደ ቀኝ። ሁለቱ አብረው ሲሠሩ አንገት ወደ ፊት ያጎነብሳል። የእኛ አገር ሰው እስክስታ ወርዶ አንገቱን ሲሰብቅ ከጎኑ ሆናችሁ አንገቱን እዩት። ብቻውን ባይሠራም፣ ይህ ጡንቻ እየወጣ ሲገባ በዓይናችሁ ታዩታላችሁ።

ሌላም ሥራ አለው። ሰው ትንፋሽ ሲያጥረው፣ አስም ሲነሳበት፣ ሕፃን ሳንባ ምች ሲይዘው፣ የዘወትሩ የመተንፈሻ ጡንቻዎች አልበቃ ይላሉ። ያን ጊዜ ይህ ጡንቻ ደረትን ወደ ላይ እየሳበ ያግዛል። ስለዚህ እናቶች፣ ሕፃኑ በተነፈሰ ቁጥር እዚህ የአንገቱ ጎን እየተወጠረ ከወጣ፣ "ሲነጋ ይሻለው ይሆናል" ብላችሁ አትደሩ። በዚያው ሌሊት ውሰዱት። ለዚህች አንዲት ነገር ብቻ እንኳ መምጣታችሁ አይቆጫችሁም።

እሺ፣ ወደ ቆጠራው።

በላቲን ፊደል ሲጻፍ 19 ፊደል ነው። በእኛ ፊደል ስጽፈው 13 ይሆናል። የሚያስፈራው መልኩ ነው እንጂ የሚቆጠረው ፊደሉ አይደለም። የሚቆጠረው ቀለሙ ነው። ቀለም ስል የግድግዳውን አይደለም። በአማርኛ ክፍለ ጊዜ ግጥም ስትማሩ በጣታችሁ የቆጠራችሁት ቀለም ነው። አፍ በአንድ ትንፋሽ የሚለቀው ቁራጭ ድምፅ። ቁጠሩ። ስተር፣ ኖ፣ ክላይ፣ ዶ፣ ማስ፣ ቶይድ። ስንት ሆነ? 6! ከ6 አይበልጥም።

የወል ቤት ግጥም አንዱ ስንኝ ስንት ቀለም ነው? 12፤ 6 ከ6 ሆኖ መሐሉ ላይ ይቆማል። እንግዲህ ይህን ጡንቻ ሁለት ጊዜ ስጠራው አንድ ስንኝ ሞላሁ ማለት ነው። ቤት መምታቱም አይቀርም።

ይህ 6 ግን እንግሊዝኛ ተናጋሪው ሲለው ነው። በእኛ አፍ ስንት ይሆናል? የእኛ አፍ ቃል ሲጀምር ሁለት ድምፅ ተደራርቦ እንዲመጣበት አይወድም። መሐሉ ላይ ወይም ፊቱ ላይ ትንሽ እ ጣል ያደርጋል። ስፖርት እስፖርት ይሆናል፣ ስቶር እስቶር ይሆናል። ስተርኖም እስተርኖ ይሆናል፤ ክላይ ደግሞ በቀስታ ሲባል ለሁለት ይከፈላል። ስለዚህ በእኛ አፍ ወደ 8 ይጠጋል። ይህ ያሳፍራል? በፍጹም አያሳፍርም! ሁሉም ሕዝብ የሰው ቃል ሲበደር በራሱ አፍ ነው የሚያላምጠው።

ደግሞ እኛም ለሌላው የሚከብድ አለን። እስቲ ከሰውነታችን ክፍል ለፈረንጅ የሚከብደው የትኛው ነው? አዎ! ቁርጭምጭሚት! ጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የተከፈተባት በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1954 ነው። በ1978 ደግሞ ሊፕዚግ ከሚገኘው ዩኒቨርሲቲ ጋር በተደረገ ትብብር የሕክምና ትምህርቱ ተጀመረ፤ የምሥራቅ ጀርመን መምህራንም መጡ። ታላላቆቼ ሲያወሩ የሰማሁት ነው፤ ከእነዚያ መምህራን አንዱ በሽተኛ ፊት ቁርጭምጭሚት ለማለት ሲታገሉ አስታማሚው ሁሉ በሳቅ ይፈርስ ነበር ይባላል። መምህሩ ግን አልተሸነፉም። ወረቀት ላይ ቆራርጠው ጻፉት። ቁር። ጭም። ጭ። ሚት። 7 ፊደል፣ 4 ቀለም። በሳምንቱ እንደ ደብረ ታቦር ሰው አሉት አሉ። የላቲን ስም የፈሩ ተማሪዎቻቸውን ያስተማሩትም በዚሁ መንገድ ነበር ይባላል። ቆራርጡ ነው ነገሩ።

ሁለተኛው ማሰማት ነው።

እዚህ ላይ መሪጌታን ምስክር እጠራለሁ። ፊደል የለየ ልጅ ዳዊት ላይ ሲደርስ ዝም ብሎ እንደ ጋዜጣ ያነበንባል? አያነበንብም። መጀመሪያ ግዕዝ ይላል፤ ቃሉን ፊደል በፊደል እየጎተተ በዜማ ይለዋል። ቀጥሎ ውርድ ንባብ አለ። ከዚያ ቁም ንባብ ላይ ይደርሳል፤ ያን ጊዜ ቃሉ ሙሉ ሆኖ ይወጣል። ንባቡም ዓይነት አለው፤ ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ተጣይ፣ ሰያፍ። ድምፅ የት እንደሚነሳ፣ የት እንደሚወርድ፣ የት እንደሚያርፍ በሥርዓት ተለይቶ ተቀምጧል። ልክ ነኝ መሪጌታ? ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ተመስገን።

አብሮኝ የተማረ አንድ ልጅ ነበር። ከአብነት ትምህርት ቤት ወደ አስኳላ የተሻገረ ነው። ማታ ማታ ዶርም ውስጥ አልጋው ላይ ተቀምጦ፣ ጋቢውን ተከናንቦ፣ የጡንቻ ስም በግዕዝ ንባብ ይጎትታል። "ስ...ተር...ኖ..." እያለ። ቀጥሎ ትንሽ ፈጠን ያደርገዋል። ከዚያ ቁም ንባብ ያደርገዋል። ሰውነቱም አብሮ ይወዛወዛል። እኛ እንስቅበት ነበር። "ቅዳሴ ገባ" እንል ነበር። ፈተና ሲደርስ ግን አልጋው ዙሪያ የምንሰበሰበው እኛው ነን። እሱ ስም አያመልጠውም ነበር። ለምን? ዓይኑ ብቻ ሳይሆን አፉም ጆሮውም ተምሮት ነበራ!

ስለዚህ ተማሪዎች፣ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡ። ላይብረሪ ውስጥ አይሆንም፤ እሺ፣ ደጅ ውጡና አንብቡ። የእኛ ቃል ድምፁ የሚነሳው ማስ ላይ ነው። ስተርኖክላይዶ-ማስ-ቶይድ። ማስ ላይ ጫን በሉ። ያን ጊዜ የቀረው በራሱ ይከተላል።

በፊደላችን ስትጽፉ ግን ተጠንቀቁ። ፊደላችን ድምፅ መጥበቅና መላላቱን አያሳይም። ሽፍታ ብዬ ብጽፍ ምንድን ነው? ጫካ የገባው ነው ወይስ ቆዳ ላይ የወጣው? ፍን ስታላሉ ጠብመንጃ ይይዛል፤ ስታጠብቁ ቅባት ይታዘዝለታል። የሐኪም ማስታወሻ ላይ "ሽፍታ አለበት" የሚለውን ከአገባቡ ነው የምንለየው። የውጭ ቃልም በፊደላችን ሲገባ እንዲሁ ነው፤ አንድ ጊዜ ከሚያውቅ ሰው አፍ ስሙት።

ከዚያ የማይነበቡ ፊደሎች አሉ። ከደረት አጥንት ጫፍ ያለችው ሹል ነገር በኤክስ ተጽፋ ዚፎይድ ትባላለች። ሰይፍ መሳይ ማለት ነው። ፕተሪጎይድ የሚባል የመንጋጋ ጡንቻ አለ፤ እንግሊዝኛው ፒውን ውጦ ተሪጎይድ ይለዋል። ክንፍ መሳይ ማለት ነው። ያቺ ክንፍ ሌላ ቦታ አለች፤ ሄሊኮፕተር ላይ። ሄሊኮ ጠመዝማዛ ነው፣ ፕተር ክንፍ ነው። ብዙ ሰው ሄሊ ብሎ ኮፕተር ይላል። መገጣጠሚያው ግን እዚያ አይደለም። ይህን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

"የትኛው አነባበብ ነው ትክክሉ?" የሚለኝ አይጠፋም። ፈረንጆቹም አልተስማሙም እኮ! እትብትን የሚመለከተውን ቃል አሜሪካዊው አምቢሊካል ሲለው እንግሊዛዊው አምቢላይካል ይለዋል። የትንሹ አንጀት መጀመሪያ ለአንዱ ዱኦዲነም ነው፣ ለሌላው ዱዎድነም። ስሙ አሥራ ሁለት ከሚለው ቁጥር የመጣ ነው፤ ርዝመቱ 12 ጣት ነው ተብሎ። ለእኔ የአፍ ቃና ጥፋት አይደለም። የጎንደር ቃና ይኑረው፣ የአዲስ አበባ ይኑረው፣ ምንም አይደል። ጥፋት የሚሆነው የቃሉ አንድ ክፍል ሲወድቅ ነው። ምን ማለቴ እንደሆነ በታሪክ ልንገራችሁ።

ዲዩቲ ላይ ነበርሁ። ሌሊት ነው። ከገጠር ስልክ ተደወለ። መስመሩ ይቆራረጣል። "ዶክተር፣ ማስታይቲስ ያለበት በሽተኛ ልንልክ ነው።" እሺ አልሁ። የምታጠባ እናት ናት ብዬ ነው፤ ማስታይቲስ የጡት ብግነት ነዋ። "ስንት ዓመቷ ነው?" "7" አለኝ። "7?" "አዎ፣ 7። ወንድ ነው።" ዝም አልሁ። "ወንድሜ፣ የ7 ዓመት ወንድ ልጅ ጡቱን አመመው እያልኸኝ ነው?" "ኧረ አይደለም ዶክተር! ጆሮው ነው! ከጆሮው ጀርባ አብጧል!"

ለካ ማስቶይዳይቲስ ነው የሚለኝ። ከጆሮ ጀርባ ያለችው አጥንት ተበክላ ነው። ልጁ ሲነጋ መጣ። ከጆሮው ጀርባ ቀልቶ አብጦ፣ ጆሮው ወደ ፊት ተገፍቶ ቆሞ፣ ሲነኩት ይጮሃል። ሳይታከም የከረመ የጆሮ ሕመም መዘዝ ነበር። በሁለቱ ቃላት መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው? ኦይድ የምትባል አንዲት ቁራጭ ናት። ያቺ ቁራጭ ስልኩ ውስጥ ስትጠፋ ሕመሙ ከጆሮ ወርዶ ጡት ላይ ተቀመጠ። ቃና ሳይሆን ቁራጭ ነው የጠፋው። ተለያዩልኝ?

አሁን ሦስተኛው፣ የምወደው።

እናቶች፣ ዶሮ ስንት ብልት አለው? 12። ስታወጡት ቢላዋውን የት ታሳርፋላችሁ? አጥንቱ ላይ ነው? አይደለም፣ መገጣጠሚያው ላይ ነው! መገጣጠሚያውን ያገኘች ሴት ጉልበት አታወጣም፤ ፈረሰኛው ፈረሰኛ ሆኖ፣ መላላጫው መላላጫ ሆኖ ይወጣል። መገጣጠሚያውን የሳተች አጥንት ታደቃለች። ቃልም መገጣጠሚያ አለው።

የዚህ ቃል መገጣጠሚያ የት ነው? ቅድም 6 ብለን የቆረጥነው ለአፍ ነው። ለትርጉም ሲሆን ሌላ ቦታ ይቆረጣል። በአማርኛ ክፍለ ጊዜ ምዕላድ የምትባል ነገር ነበረች፣ ትዝ ትላችኋለች? ትርጉም ያላት ትንሿ ቁራጭ። እዚህ ውስጥ ያሉት እነዚህ ናቸው። ስተርን፤ ደረት። ክላይድ፤ ቁልፍ። ማስት፤ ጡት። ኦይድ፤ መሳይ። በመሐል ደግሞ ኦ የምትባል ማያያዣ ሁለት ጊዜ ትገባለች። ስተርን-ኦ፣ ክላይድ-ኦ፣ ማስት-ኦይድ።

ፊደላችን እዚህ ላይ ነው የሚሸውደን። ኖ ብለን ስንጽፍ መገጣጠሚያው ኖ ውስጥ ተደብቋል። ን የስተርን ናት፣ ኦ ማያያዣ ናት። ሁለቱ አንድ ፊደል ላይ ተጣብቀዋል። ቶ ውስጥም እንዲሁ ነው፤ ት የማስት፣ ኦ የኦይድ። አዲስ ነገር ነው? አይደለም! ቤቶች ስትሉ ምን ታደርጋላችሁ? ቤት እና ኦች። መገጣጠሚያው ቶ ውስጥ ነው። ያው ቶ! ስትናገሩ በየደቂቃው የምታደርጉት ነገር ነው።

ማያያዣዋ ኦስ? እሷም እንግዳ አይደለችም። ቤት እና መንግሥት ሲጋጠሙ ቤት መንግሥት እንላለን? አንልም። ቤተ መንግሥት። ሳድሷ ት ወደ ግዕዝ ተ ተለወጠች። መዝገብ እና ቃላት፣ መዝገበ ቃላት። ግዕዝ ቃል ከቃል ሲያናብብ ፊተኛውን በዚህ ድምፅ ያስረዋል። ጽርእ፣ የግሪኩ ቋንቋ ማለቴ ነው፣ ደግሞ በኦ ያስራል። ቅደም ተከተሉና አገባቡ ይለያያል፤ መሪጌታ እንዳይቆጡኝ ቶሎ ልበል። ግን ቃል ከቃል በምን እንደሚታሰር ከልጅነታችን የምናውቅ ሰዎች ነን።

ጽርእ አልሁ? እዚህ አገር ጽርእ ከሕክምናው በፊት ነው የገባው። ከቤተ ክርስቲያን በር ነው የገባው። ጰራቅሊጦስ የማን ቃል ነው? የጽርእ ነው። ጰ እና ፐ የሚባሉት ፊደሎች ራሳቸው በአብዛኛው የሚያገለግሉት ለእንዲህ ዓይነቱ የውጭ ቃል ነው። አያቴ ፊደል ያልቆጠሩ ሴት ነበሩ። ጰራቅሊጦስ ሲሉ ግን አንድም ቀን ምላሳቸው አልተሰናከለም። ጥምቀት ሲደርስ ካህናቱ ኤጲፋንያ ሲሉ እንሰማለን። ኤጲ ምንድን ነው? በላይ፣ ላይ እንደማለት ነው። ተማሪዎች፣ ኤፒደርሚስ የላይኛው ቆዳ ነው። ኤፒግሎቲስ በማንቁርት መግቢያ ላይ ያለው ክዳን ነው። ያው ኤጲ ነው፣ ፊደሉን ቀይሮ የመጣ!

ኤጲስ ቆጶስስ? ከላይ ሆኖ የሚመለከት፣ የሚጠብቅ ማለት ነው። ኤጲ እና ስቆጶስ። አያችሁ? እኛ ስንጽፈው ስ ወደ ኤጲ ሄዳለች። በጽርኡ ግን የስቆጶስ ናት። እንደ ሄሊኮፕተር መገጣጠሚያው ዘንበል ብሏል። ያቺ ስቆጶስ የት አለች ዛሬ? አንገቴ ላይ ናት። ስቴቶስኮፕ! ስቴቶ ደረት፣ ስኮፕ መመልከቻ። እንግዲህ ማይክሮስኮፕ ያየ ተማሪና ጳጳስ የተሳለሙ እናት አንድ ቃል ይጋራሉ።

ወደ አንገታችን እንመለስ። ደረቱ ግልጽ ነው። በሬ ሲታረድ ፍርምባ የሚባለው ቦታ ያለችው አጥንት ናት። ቁልፏ የት ነች? ከአንገት ሥር ወደ ትከሻ አግድም የተዘረጋችውን አጥንት ዳስሱ። ጠመም ያለች ናት። ላቲኑ ክላቪኩላ ይላታል፤ ትንሿ ቁልፍ። ጽርኡ ክላይስ ይላል፤ እሱም ቁልፍ። ለምን ቁልፍ ተባለች? የጥንቱ ቁልፍ ጠማማ ስለነበረ ቅርጿ መስሏቸው ነው ይላሉ። እኔ ደግሞ ለተማሪ የማሳየው ሌላ ነገር አለ። ክንዳችሁን ወደ ላይ አንሱ። ያቺ አጥንት በራሷ ዙሪያ ትዞራለች፤ በር እንደሚከፍት ቁልፍ። ስሙ የመጣው ከዚያ ባይሆንም ማስታወሻነቱ ጥሩ ነው።

ተማሪ ግራ የሚጋባው እዚህ ላይ ነው። አጥንቷ ክላቪክል ከሆነች ጡንቻው ለምን ክላይዶ ሆነ? አጥንቷ ስሟን ከላቲን ወሰደች፣ ጡንቻው ከጽርእ። ኩላሊትም እንዲሁ ሁለት ስም አለው። በላቲን በኩል ሪናል፣ በጽርእ በኩል ኔፍሮ። ሁለቱንም መልመድ ነው፤ ማምለጫ የለውም።

ማስቶይድ የቀረችው ናት። ከጆሮ ጀርባ ያለችውን ጉብታ ንኩ። ጡት መሳይ አሏት፣ ወደ ታች የተንጠለጠለች ጉብታ ስለሆነች። እነዚህ ጥንታውያን ያዩትን ነው የሚጠሩት፤ አያፍሩም።

አሁን ዋናው። የቃሉ ቅደም ተከተል እንዲሁ የተደረደረ አይመስላችሁ። ብዙ እንዲህ ያሉ የጡንቻ ስሞች መነሻቸውን ያስቀድማሉ፣ መድረሻቸውን ያስከትላሉ። ይህ ጡንቻ ሁለት እግር አለው። አንዱ ከደረት አጥንት ይነሳል፤ ስተርኖ። አንዱ ከቁልፏ ይነሳል፤ ክላይዶ። ተገናኝተው ከጆሮ ጀርባ ይገባሉ፤ ማስቶይድ። ስሙ ምንድን ነው እንግዲህ? አድራሻ ነው! ከየት ተነስቶ የት እንደሚደርስ ራሱ ይነግራችኋል። አድራሻ ደግሞ ይነበባል እንጂ ይሸመደዳል?

ድሮ እንዲህ በሥርዓት አልነበረም። አንዱ አገር አንድ ስም፣ ሌላው ሌላ ስም ይሰጣል። አንዷ ቦታ በሦስት በአራት ስም ትጠራለች፤ ያገኛት ሰው ስሙን ይለጥፍባታል። በመጨረሻ በ1895 የአናቶሚ ሊቃውንት ስዊዘርላንድ ውስጥ ባዝል ከተማ ላይ ተስማምተው 50,000 ገደማ የነበረውን ስም ወደ 5,500 ገደማ አወረዱት። ከዚያም ሲታረም ሲሻሻል ቆይቶ በ1998 አዲስ ዓለም አቀፍ ዝርዝር ወጣ። እናንተ አሁን በዛብን የምትሉት ያ ሁሉ ተቀንሶ የተረፈው ነው። ብታመሰግኑ ይሻላል።

በቃ፣ ተናጋሪው እኔ ብቻ ልሁን እንዴ? አሁን የእናንተ ተራ ነው። አዲስ ቃል እሰጣለሁ፤ እናንተ ታወጡታላችሁ። ኦሞሃዮይድ። ኦሞ ሳሙናው አይደለም። ወንዙም አይደለም። በጽርእ ትከሻ ነው። ሃዮይድ ደግሞ ከማንቁርት በላይ ያለች፣ የጽርኡን ኡፕሲሎን ፊደል የመሰለች ትንሽ አጥንት ናት። ከየት ተነስቶ የት ይገባል? ጮክ በሉ! ከትከሻ ተነስቶ ሃዮይድ ላይ። ማን ነው ያለው? እናት ናቸው! እሰይ የኔ እናት! እንግዲህ ፈተናውን አለፉ።

ሁለተኛው ለተማሪዎች ነው። እናቶች አትርዷቸው። ስታይሎግሎሰስ። ስታይሎ ፋሽኑ አይደለም። ከራስ ቅል ሥር ወደ ታች የወረደች ሹል አጥንት ናት። ግሎስ ምላስ ነው። መጀመሪያ በግዕዝ ጎትቱት፣ ቀጥሎ በቁም ንባብ በሉት፣ ከዚያ አድራሻውን ንገሩኝ። ነጭ ጋቢ የለበስኸው፣ አዎ አንተ፣ ከምሰሶው ጀርባ ያለኸው። ማይኩን አቀብሉት።